ሰው እስኪገኝላት

ጀና ያረፈችው ዓርብ ጠዋት፣ ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል ነው። ስምንት ወሯ ነበር። እናቷ ሀያም ከእኛ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከቀዩ ክፍል በር ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጡቷን እያለበች ነበር። እኔ ሲስተር ደሳለች ደግሞ የልጇን ሞት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ድረስ ደበቅኳት። በክፋት አይደለም። በክፋት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር።

ቀዩ ክፍል የምንለው በሕፃናት ድንገተኛ ውስጥ ነፍሳቸው የሚያሰጋ ልጆች የሚገቡበትን ነው። አምስት አልጋ አለው፤ በዚያ ሳምንት ስምንት ልጅ ተኝቶበታል። ለእናቶች መቆሚያ ቦታ ስለሌለ ውጪ ይጠብቃሉ። በየሦስት ሰዓቱ ወተታቸውን በትንሽ የብረት ኩባያ አልበው በሩ ላይ ይሰጡናል፣ እኛም ልጁ አፍንጫ ውስጥ በገባው ቱቦ እንሰጠዋለን። በሩ ላይ የደብተር ስፋት ያላት መስታወት አለች። እናቶች ቀኑን ሙሉ በየተራ ግንባራቸውን እዚያ ላይ ይለጥፋሉ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ «እናንተ ሴቶች፣ መስታወቱን አጨለማችሁት» እያልኩ እቆጣቸዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድንገተኛ ሠርቼ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ቁጣ ነው።

ሀያም የመጣችው ማክሰኞ ነው። ልጇን በወንድ ሹራብ ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ ጀና በተነፈሰች ቁጥር ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ከባድ የሳንባ ምች ነው። ሀያም አማርኛ አትችልም፣ እኔ ዐረብኛ አልችልም። ስለዚህ እንደተለመደው ዘበኛውን ልከን ጋሽ ሸፊን አስጠራናቸው። ጋሽ ሸፊ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ሳሙና፣ ስኳርና ዳይፐር የሚሸጡ ባለሱቅ ናቸው። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ስለኖሩ፣ ዐረብኛ ተናጋሪ በመጣ ቁጥር ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ይመጡልናል።

በእሳቸው አፍ እንደሰማነው ሀያም ከሱዳን ናት፣ ኦምዱርማን አስተማሪ ነበረች። ጦርነቱ ሲብስባቸው እርጉዝ ሆና በመተማ በኩል ገባች። ባሏ «እናቴን ይዤ እከተልሻለሁ» ብሎ ቀረ፤ ስልኩ ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው። ሸጎሌ ከሁለት የአገሯ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ሴቶቹ በሐምሌ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር መንገድ ወጡ፤ እሷ ጨቅላ ይዛ መከተል አልቻለችም። ካርዱ ላይ «የቅርብ ዘመድ» የሚል መስመር አለ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስትጠይቃት ሀያም ዞር ብላ ጋሽ ሸፊን አየቻቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «የእኔን ጻፉት» አሉ። ከተዋወቁ ሃያ ደቂቃ አልሞላቸውም ነበር።

እንግዲህ ዓርብ ጠዋት ወደ ሆነው ልመለስ። ዶክተር ኤልሮኢ ማዳመጫውን ከጀና ደረት ላይ አነሳ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ከዚያ ወደ በሩ አመራ። ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ለእናትየዋ ልነግራት።»

«ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር ማለት?»

«ስትወድቅ ማን ይይዛታል?»

«እኛ አለን አይደል ሲስተር።»

«አንተን ሰባት ልጅ ይጠብቅሃል። እኔንም እንደዚሁ። ነግረናት ዞር ስንል እዚያች አግዳሚ ላይ ብቻዋን ነው የምትቀረው።»

«መብቷ ነው እኮ። እናቷ ናት። ሥልጠና ላይም…»

«ሥልጠናውን አውቀዋለሁ። ወንበር ስቦ መቀመጥ፣ ሶፍት ማቀበል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም? ሰው እስኪገኝላት ጠብቅ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ስድስት።»

ቆሞ አሰበና እሺ አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ያጠፋንም ጥሩነቱ ነው። ትንሽ ግትር ቢሆንብኝ ኖሮ ይኼን ሁሉ አላወራም ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለአገር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ ዘንድ መርዶ በሥርዓት ነው። ወገብ የሚይዝ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ሳይሰበሰብ እናት ላይ የልጅ ሞት አይጣልም። በሆስፒታላችንም ማንም ሳይጽፈው የምንሠራው እንደዚያው ነው። አጎትየውን ወይም ወንድምየውን ወደ ጎን ጠርተን እንነግረዋለን፤ እሱ «ቤት ደርሰን እንመለስ» ብሎ እናትየዋን ይወስዳታል፤ ሰፈር ስትደርስ ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ሽሮ ሜዳ ያደግኩ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ሲሞት ወንድሞቼ ሙሉ ቀን ደብቀውኝ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አልጋዬን ከበው ነገሩኝ። ስጮህ አሥራ አንድ ሴቶች ይዘውኛል። ያንን ቀን የተሻገርኩት በእነሱ እጅ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሥርዓቱን አፍርሻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የገጠር ሴት ኮሪደር ላይ «ልጄስ?» ብላ ስትጠይቀኝ ቸኩዬ እውነቱን ነገርኳት። «እሺ» ብላኝ ወጣች። ከሦስት ቀን በኋላ እንጦጦ ጫካ ውስጥ እንጨት ለቃሚዎች አገኟት። በሕይወት ነበረች፣ ግን ስሟን አታውቅም። እኔ ስሟን አልረሳሁም፤ አያት ነበር የምትባለው። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ለቆመች ሴት መርዶ ላልናገር ለራሴ ማልኩ።

ጀናን እኔው አነሳኋት። ቱቦዎቹን ነቀልኩ፣ ፊቷን ለብ ባለ ውሃ አበስኩ፣ በንጹሕ አንሶላ ጠቀለልኳት። ክንዷ ላይ በክር የታሰረች ትንሽ የቆዳ ክታብ ነበረች፤ እሷን አልነካሁም። የኦክስጅኑን ቱቦ ሲጠብቅ ለነበረ ሌላ ልጅ አዞርነው። ከዚያ ሕፃኗን አቅፌ፣ ጀርባዬን ለመስታወቷ ሰጥቼ፣ በኋላ በር ወደ ሬሳ ክፍል ይዣት ሄድኩ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሀያም ናት፤ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛለች። በአራት ቀን ከእሷ የለቀምኳቸው አምስት ስድስት የዐረብኛ ቃላት ነበሩኝ።

«ጀና ኩወይሳ?» አለች። ደህና ናት ወይ ማለቷ ነው።

«ኩወይሳ» አልኳት።

«ናይማ?»

«ናይማ» አልኩ፤ ተኝታለች። ኩባያውን ተቀበልኳት፣ ገና ይሞቃል። በሩን ዘግቼ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄድኩና ቧንቧውን ከፍቼ ደፋሁት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እየከበደኝ ሄደ።

ከመታጠቢያው አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ቤዛብሕ የሚባል የሁለት ወር ሕፃን ተኝቶ ነበር። እናቱ በወሊድ ሞታለች፣ የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። ሳንባው ተሽሎታል፤ ችግሩ ረሃብ ነው። የዱቄት ወተቱ አልቆበት አሮጊቷ ሊፈልጉ ከጠዋት ወጥተዋል። በክንዱ ግሉኮስ ይገባለታል እንጂ አፉ ምንም አላገኘም፤ ስለዚህ ያለቅሳል። የአንዷን እናት ወተት ለሌላዋ ልጅ መስጠት ክልክል ነው፤ በሽታ ይተላለፋል ይላል መመሪያው። ስለዚህ እሱ እያለቀሰ እኔ አጠገቡ ወተት ደፋሁ። በዚያን ሰዓት ነገሩ አልታየኝም፤ ሕግ ነዋ።

አራት ሰዓት ላይ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ መንገድ ተሻግሬ ጋሽ ሸፊ ሱቅ ሄድኩ። ሳልናገር ፊቴን አይተው ገባቸው።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ሚዛናቸው ላይ የነበረውን ስኳር መልሰው ጆንያው ውስጥ ከተቱት። «ለእናትየዋ ተነገራት?»

«ማን ባለበት ይነገራት ጋሽ ሸፊ? ሰው የላትም እኮ።»

«እኛ ዘንድ ቀብር አይዘገይም፣ ልጄ። ዛሬውኑ አፈር መቅመስ አለባት።»

«እሱ ይደርሳል። አሁን ገና ረፋድ ነው። መጀመሪያ የሚይዟት ሴቶች ያግኙልኝ።»

እሳቸውም የዚሁ አገር ሰው ናቸውና ብዙ አልተከራከሩኝም። «እሱስ ልክ ነሽ፣ መርዶ ለብቻ አይሆንም» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጀዊሪያ እዚያው ሸጎሌ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ጋሽ ሸፊ ደወሉላቸው፤ እትዬ ጀዊሪያም ለቀስተኞቹን ጥለው መነሳት እንደማይችሉ፣ ከጁምአ በኋላ ግን ሴቶች ይዘው እንደሚመጡ ነገሯቸው። ለቅሶ ስለነበረባቸው ለመርዶ ዘገዩብን። አስቂኝ ነገር ነው፣ የሚስቅ ከተገኘ።

እኔ ደግሞ ባገኘሁት ክፍተት ሁሉ ስልክ መታሁ። ሀያም ማክሰኞ ዕለት የሰጠችንን የሁለቱን ሴቶች ቁጥር ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። የባሏንም ሞከርኩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሠራ ስልክ ለእኔ ይሠራ ይመስል። አንድ የማውቀው የሱዳን ልጆች የሚያስተምር ሰው ነበር፤ እሱም ከአዲስ አበባ ወጥቷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይኼን።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ዶክተር ኤልሮኢ አየኝ።

«እነ ጋሽ ሸፊ ጁምአ ላይ ናቸው» አልኩት ሳይጠይቀኝ።

አፉን ከፍቶ ሊመልስልኝ ሲል ከውጪ ሰዎች አንድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይዘው እየሮጡ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀና አላለም። በድንገተኛ ክፍል ሰው ቃሉን የሚያጥፈው በዚህ ዓይነት ነው።

ሀያም ሁለተኛውን ኩባያ ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። ከጠዋቱ የበለጠ ወተት ነበረው። በጣቷ ዓይኗን፣ ቀጥሎ ክፍሉን አሳየችኝ፤ ልያት ማለቷ ነው። እጄን አወዛወዝኩ፤ ዶክተሮቹ ሥራ ላይ ናቸው አልኳት በምልክት። እውነትም ሥራ ላይ ነበሩ። ሀያም አልተከራከረችም። ዓይኔን ረጅም ጊዜ አየችው። ቤዛብሕ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል። በአገጯ ወደ ለቅሶው እያመለከተች አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፤ መጨረሻዋ ላይ ድምፅዋ እንደ ጥያቄ ከፍ አለ።

አንዲትም ቃል አልገባኝም። ጋሽ ሸፊ መስጊድ ናቸው። ተርጓሚ በሌለበት እሺ ማለት ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ራሴን ነቀነቅኩላት። «እሺ፣ እሺ፣ ታማም» አልኳት፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረግኩና ኩባያውን ተቀበልኳት። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ለቀቅ አለ፤ አገጯ ተንቀጠቀጠና ቆመ። አመነችኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ዛሬ ያንን ደስታ ሳስበው አፍራለሁ። ወተቱን ወስጄ ደፋሁት። ቤዛብሕ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከድካም ብዛት ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ልክ ያልሆነ ነገር እንዳለ ማየት ነበረብኝ፣ ዓይን ቢኖረኝ። በአራት ቀን እህል ስትቀምስ ያላየኋት ሴት አጠገቧ ያለችው እናት የሰጠቻትን ዳቦ ስትበላ አየሁ። ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ትጠጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛውን ኩባያ ስታመጣ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ እንዳይፈስ ቀስ ብላ እየተራመደች፣ ከንፈሯ «ቢስሚላህ» እያለ ሰጠችኝ። ስለ ጀና ግን አልጠየቀችኝም። ልብ ያላልኩት እሱን ነው። ሳትጠይቀኝ በመቅረቷ ተመስገን ብዬ ገባሁ።

እሱንም ደፋሁት።

እትዬ ጀዊሪያ ሦስት ሴቶች አስከትለው የደረሱት አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አንዷ ጎረቤታቸው ናት፣ ሁለቱን ከለቅሶው ቤት ነው ያመጧቸው፤ ሀያምን ከዚያ በፊት አይተዋት አያውቁም። እንደዚያም ሆኖ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ለሐዘን አዘጋጅተው ነበር የመጡት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሀያምን ወደ ነርሶች ክፍል አስገባኋት፣ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተቀመጡ፣ እኔ ከፊቷ ተንበረከኩ፣ ጋሽ ሸፊ ቆመው ነገሯት። ሴቶቹ እሪ አሉ። እትዬ ጀዊሪያ ወገቧን አቀፉ። እኔም ያ ሁሉ ቀን የያዘኝ ለቅሶ ፈነቀለኝ።

ሀያም ግን አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። ሴቶቹ እስኪበርዱ ጠበቀች። ከዚያ እኔን እያየች፣ ተማሪ ፊት እንደቆመች አስተማሪ ቀስ ብላ ተናገረች። ወደ ጋሽ ሸፊ ዞርኩ።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«ተይው ልጄ።»

«ይንገሩኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ ነው የምትለው» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «በመስታወቱ አየሁሽ አለች። ይዘሻት ስትወጪ። የተኛ ልጅ ፊቱ ተሸፍኖ አይታቀፍም አለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?»

ጠየቋት። መልሷ ረጅም ነበር። የዚህ አገር መታወቂያ ስለሌላት አስከሬኑን የደበቅንባት መስሏታል። ከጮኸች ዘበኛ ጠርተን ከግቢ የምናስወጣት፣ ልጇንም ዳግመኛ የማታያት መስሏታል። ስለዚህ ምንም እንዳላወቀች ሆና ቁጭ አለች። ሰዓት ጠብቃ ወተት አመጣች።

«ሰው ሳይኖርሽ ልንነግርሽ አልፈለግንም፣ ሰው ስንፈልግልሽ ነው በሏት» አልኳቸው።

ጋሽ ሸፊ ተረጎሙላት። ሀያም አራቱን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ በጥላቻ አይደለም፣ በድካም ነው። ከዚያ ጥቂት ቃላት ብቻ ተናገረች።

«የእኔ ሰው እዚያ ውስጥ ነበረች አለች» አሉ ጋሽ ሸፊ። «ከእሷ ጋር ነበር ልታስለቅሱኝ የሚገባው አለች። ሳትቀዘቅዝ።»

እጄን የማስቀምጥበት አጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን ዘመድ ወደ ጎን ጠርቻለሁ። ስንቷን እናት «ቤት ደርሰን እንመለስ» ስትባል በዓይኔ ሸኝቻለሁ። አንዷም ተመልሳ እንደዚህ ያለችኝ የለም፤ ወይም እኔ ያላገኘሁት ሰው ሁሉ እንደዚህ ብሎ ይሆናል።

«በሉ፣ ቀብሩ እንኳን ይድረስ» አሉ ጋሽ ሸፊ። «ገና ብርሃን ነው።»

ተያይዘን አስከሬን ወደሚያስረክበው ወደ አቶ ጃለታ ሄድን። ጃለታ ክፉ ሰው አይደለም። ቅጹን አገላበጠና መነጽሩን አወለቀ።

«የውጭ አገር ሰው ናት?»

«ስደተኛ ናት።»

«ከመዘገባት ቢሮ ደብዳቤ ያስፈልጋል ሲስተር። ያለ ደብዳቤ ባስረክብ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ዛሬ አይገኝም?»

«እናትየዋ ቅጹ ላይ ትፈርማለች፣ እኔ ሰው እልካለሁ፣ እነሱ ያንኑ ቀን ይጽፋሉ። ጠዋት ቢሆን ኖሮ እስከ ስድስት ሰዓት አልቆ ነበር።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። «አሁን ዓርብ ሊመሽ ነው። ማን ይገኛል? በቃ፣ ሰኞ ነው።»

ለአገር ልጅ ይኼ ወረቀት የአሥር ደቂቃ ነገር ነው። የእኔ ሥራ እስከ ሬሳ ክፍሉ በር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጠዋት ብነግራት ትፈርም ነበር። መሞቷን ያልሰማች እናት ግን የሞት ቅጽ አትፈርምም። ጃለታን ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ መጨረሻ ላይ ሰደብኩት። የሬሳ ክፍሉን ከፍቶ እንኳን እንዲያሳያት ጠየቅኩ፤ ቁልፉ ያለው ሠራተኛ ዘመዱ ሞቶበት ከቀትር በኋላ ለቅሶ ሄዷል። አገሩ ሁሉ ለቅሶ ላይ ነው፣ ለጀና ግን የሚከፍትላት ጠፋ።

ጋሽ ሸፊ «ሰኞ» የሚለውን ቃል ሲተረጉሙላት ሀያም ጣቷን መቁጠር ጀመረች፤ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ከዚያ ቆጠራዋን ትታ እጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች። ሸሚዟ ከፊት ለፊት ረጥቦ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት እየቀረበ ነው፤ ወተቱ ሰዓቱን ያውቃል።

እትዬ ጀዊሪያ «ነይ፣ እኛ ቤት ታድሪያለሽ» ብለው ክንዷን ያዟት። አሥር እርምጃ ያህል ተከተለቻቸውና ቆመች። ዞረች፣ ወደ ቀዩ ክፍል በር ተመለሰች፣ ግንባሯን መስታወቷ ላይ አስደግፋ ወደ ውስጥ አየች። ወደ እኔ ዞር ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። ጋሽ ሸፊ ገረማቸው መሰለኝ፣ ደግማ እንድትነግራቸው አደረጉ።

«የትኛው ነው ትልሻለች።»

«ምኑ?»

«ወተቱን የጠጣው ልጅ። እኩለ ቀን ላይ ጠይቄሽ እሺ ብለሽኛል ነው የምትለው። ለሚያለቅሰው ልጅ ስጪው፣ እናቱ ፈቃደኛ ናት ወይ ብዬሽ እሺ አልሽኝ አለች። ከዚያ በኋላ ለቅሶውን ሲያቆም ሰማሁ አለች።» የራሳቸውን ጨመሩበት። «እኛ ዘንድ ጡትሽን የጠባ ልጅ ልጅሽ ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል? እናንተም የጡት ልጅ ትላላችሁ። በዚህ አገር አንድ ሰው አለኝ ማለት ነው አለች። ልየውና ልሂድ አለች።»

ቤዛብሕ በመስታወቷ በኩል ይታያል። ጣቴን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያ ትንሹ ነው፣ ስሙ ቤዛብሕ ነው፣ እናት የለውም፣ ወተትሽ ጠቅሞታል ማለት። አንዲት ቃል ብቻ። ቀኑን ሙሉ የዋሸሁ ሴት፣ አሁን መዋሸት አቃተኝ። ከእንግዲህ ይቺን ሴት አልዋሻትም ብዬ ከደቂቃዎች በፊት ለራሴ ምዬ ነበር። እኔ መሐላ አላውቅበትም፤ ሁልጊዜ በማይሆን ሰዓት ነው የምምለው።

«ለማንም አልሰጠሁትም በሏት» አልኩ። «ክልክል ነው። ደፋሁት።»

ጋሽ ሸፊ አዩኝ። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት አይተውኝ አያውቁም።

«እንዲህ ልበላት?»

«ይበሏት።»

አሏት። ያኔ ነው የወደቀችው። አራቱ ሴቶች ያዟት፤ ለዚህ ነበር የመጡት፣ ያዟት። ሙሉ ቀን ያልወጣው ጩኸት ወጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት እናቶች ሁሉ ብድግ አሉ። እኔ አልቀረብኩም። በምን እጄ እይዛታለሁ? እየጎተቱም እየደገፉም በግቢው አውጥተው ወደ ሚኒባሱ ሲወስዷት በደረጃው ላይ ቆሜ አየሁ።

ጀና ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ተቀበረች ሲሉ ሰማሁ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ጋሽ ሸፊ አሁንም ስንጠራቸው ይመጣሉ፣ ግን ከእኔ ጋር ብዙ አያወሩም። ሀያም እነሱ ቤት ሁለት ሳምንት ቆይታ አንድ ቀን ጠዋት ማንንም ሳትሰናበት ወጥታለች። የት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። ካርዱ ላይ የቅርብ ዘመድ የሚለው መስመር አሁንም የባለሱቁ ቁጥር ነው።

ያን ዕለት ግን እነሱ ከሄዱ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ኩባያው እጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። ቤዛብሕ ነቅቶ እያለቀሰ ነው። አያቱ የዱቄት ወተት ፍለጋ እንደወጡ ገና አልተመለሱም ነበር።